መድረክ ሲዘጋ የሚቀረው ጸሎት

«የግል የጸሎት ሕይወቴ እንዲያድግ ምን ላድርግ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ወንድሞችና እኅቶች የምችለውን ያህል ልመልስ።

እኛ ወለጋ ጸሎት አላነሰንም። ነቀምቴም፣ ጊምቢም፣ ደምቢ ዶሎም ብትሄዱ የጾም ጸሎት አለ፣ የአዳር ጸሎት አለ፣ የቤት ኅብረት አለ። አሁን ደግሞ የጠዋት ጸሎት በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ይደርሰናል። ታዲያ ይህ ሁሉ አንድ ቀን ቢቋረጥ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻዬን የምነጋገረው ይኖረኛል?

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወንጌል ሰባኪው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር በትርጉሙ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ሲገባ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በደስታ ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ ግን ተከሰሰ፤ አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቅዱለትም እንዳይሰብክ ታዘዘ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እ.ኤ.አ. እስኪፈቅዱለት ድረስ አሥር ዓመት ያህል አደባባዩ ተዘጋበት። መጽሐፉ ግን ታትሟል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንብቦ ለሚጸልይ ሰው ማንም ፈቃድ አይሰጠውም፣ አይነሳውምም።

በደርግ ዘመን ደግሞ በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቦጂው ልጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። በእኛው ዕድሜ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ሲቋረጥ፣ የተላከለትን ጸሎት ብቻ እየሰማ «አሜን» ይል የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ኅብረቱን ሳትተዉ፣ ያለ ኅብረቱም የሚቆም ጸሎት ልመዱ። እንዴት?

አንደኛ፣ ሰዓት ቁረጡ። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር። የኦርቶዶክስ አባቶቻችን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት ደንግገዋል። ለጀማሪ በቀን አንድ የጸሎት ጊዜ ይበቃል፤ ግን የታወቀ ይሁን። «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» ያለ ሰው አይመቸውም። ጌታ በማቴዎስ 6 በር ዘግታችሁ ጸልዩ ሲል ሰው እንዳያየን ነው። በአንድ ክፍል ከሦስት ጓደኛ ጋር ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ በር የለውም፤ ማለዳ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ ግን አያጣም። ስልኩን ቤት ይተው።

ሁለተኛ፣ ከቃሉ ጀምሩ። ብዙዎቻችን አምስት ደቂቃ ጸልየን የምንለው የሚያልቅብን የምንጀምረው ከራሳችን ስለሆነ ነው። አንድ መዝሙር ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ የቆማችሁበትን ቁጥር ወደ ጸሎት መልሱት። ዳዊት የሚደግሙ ኦርቶዶክሳውያን መዝሙራቱን ለሳምንቱ ቀናት አከፋፍለው የሚጸልዩት በዚሁ ጥበብ ነው፤ ስሜት ባይኖርም ቃል አለ። በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁም ጸልዩ። በሰንበት በአማርኛ የምታመልኩ፣ እናታችሁን በኦሮምኛ የምታናግሩ ከሆነ፣ ልባችሁ በሚያለቅስበት ቋንቋ ለእግዚአብሔር ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ስም ጥሩ። «ሁሉን ባርክ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ ትንሽ ደብተር አለኝ፤ የታመመ ጎረቤት፣ ሥራ የፈታ የአክስት ልጅ፣ ያስቀየመኝም ሰው ስሙ ይሰፍርበታል። የተቀየሙትን ሰው ስም በየማለዳው እየጠሩ ቂም ይዞ መቆየት ይከብዳል፤ ጸሎት መጀመሪያ የሚለውጠው የሚጸልየውን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ማዘንን አትፍሩ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ስንቱ ተፈናቀለ፣ ስንቱ ቤት ለቅሶ ገባው። ይህን ሁሉ በሁለት «ሃሌ ሉያ» ሸፍኖ ማለፍ እምነት አይደለም። መዝሙር 13ን (በግዕዙ ዳዊት 12ኛውን) ተመልከቱ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይነሣል፤ ቀጥሎ ልመና ይመጣል፤ መታመንና መዘመር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። መዝሙረኛው ወደ መታመን የደረሰው ጥያቄውን ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እኛም ቅደም ተከተሉን አንዝለል።

ጸሎት አድጓል የሚባለው ቃላችን ሲያምር ወይም ሰዓቱ ሲረዝም ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ቶሎ የምንቆጣ ከሆንን፣ ቁጣችን መብረድ ሲጀምር ባለቤታችንና ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። እነርሱን ጠይቁ።

ነገ ማለዳ ይህን ቻናል ከመክፈታችሁ በፊት መዝሙር 13ን ክፈቱ። የእኔ ጽሑፍ ቆይቶም ይነበባል።