ከአሮጌ ቴፕ ሞተር የተሠራችው ጋሪ ለገጠር ልጆች ስለ ሮቦት ምን ታስተምራለች?

ጎንደር፣ አራዳ፦ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎንደር ከተማ አራዳ፣ ከአንድ የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኝ ሱቅ ጓሮ፣ አሥር ያህል ልጆች ክብ ሠርተው ወደ መሬት ይመለከቱ ነበር። ልጆቹን የሰበሰበቻቸው ከተቀደደ ነጠላ ጫማ ተቆርጣ በአራት ቆርኪ ላይ የቆመች ትንሽ ጋሪ ናት። ሞተሯ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ሲሆን ጉልበቷም ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለት ሌሊት ደክሞ የሠራት፣ ልጆቹ ስለ ሮቦት በወሬ ከሚሰሙ በእጃቸው ነክተው እንዲረዱ በማሰብ ነበር። ይሁን እንጂ ሽቦው ሲገናኝ ጋሪዋ ወደ ፊት መሄዷን ትታ የኋሊት ተንደርድራ ከአቅራቢው እግር ሥር ገባች። ልጆቹም ሳቁ።

ከሳቁት መካከል የአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከባትሪው የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች አቀያየረና እንደገና ለቀቃት። ጋሪዋ ወደ ፊት ሄደች። እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ፣ «ድንጋዩን ገልብጬ ሳስገባው የአያ ሬዲዮ እንቢ ሲል አይቻለሁ፤ ይችም እንደዚያው መስላኝ ነው» አለ።

ልጁ የወገራ ተወላጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደቆዩ ይታወቃል። የእርሱም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አራዳ ወደሚኖሩት አጎቱ ዘንድ መጥቶ፣ ሁለት ዓመት ያለ ደብተር አሳልፏል። ሽቦውን የገለበጠችው እጅ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ አልፈታችም።

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰው መሳይ የብረት አሻንጉሊት ነው። በእርግጥ ግን የሰው መልክ ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አንድን መሣሪያ ሮቦት የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በዙሪያው ያለውን የሚያውቅበት መዳሰሻ፣ ያወቀውን አመዛዝኖ የሚወስንበት ኮምፒዩተር፣ የወሰነውን የሚፈጽምበት ሞተር። ለእረኛ ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ከብቱ ወደ ገብሱ ሲጠጋ ያያል፤ የትኛው በሬ አመለኛ እንደሆነ ያስባል፤ ሮጦ ይመልሳል። በዚህ መለኪያ የእኛ የቆርኪ ጋሪ ገና ሮቦት አይደለችም፤ ሞተር እንጂ ዐይንም አሳብም የላትም። ልጆቹም ይህ ሲነገራቸው፣ «እንግዲያው ዐይን እናብጅላት» አሉ።

የስሙ አመጣጥ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ሳያስገርም አይቀርም። ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት፣ በፋብሪካ ተፈጥረው ለሰው የሚሠሩ አገልጋዮችን ሮቦት ብሎ ሰየመ። ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ሲሆን፣ የተወሰደውም «ሮቦታ» ከሚለው የቼክ ቃል ነው። ሮቦታ ማለት ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነበር። እንግዲህ ሽማግሎቻችን ሁዳድ እያሉ የሚያወሱት ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በአገራችን የቀረው የጭሰኛ ቀንበር ስሙ በብረት ላይ ተለጥፎ ዓለምን መዞሩ የሚደንቅ ነው።

ሮቦት በሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የጋለ ብረት እያነሣ በማስቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በኔዘርላንድ ላም የሚያልብ ሮቦት ወደ ገበሬው በረት ገባ። ላሟ ስትፈልግ ራሷ ትገባለች፤ መሣሪያው በአንገቷ ካለው ምልክት ማንነቷን ያውቃል፤ ጡቷን አጥቦ ያልባታል። ይህን ስንነግራቸው አንዲት ልጅ፣ «እግሯን ብታነሣበትስ?» ስትል ጠየቀች። ላም አልባ የምታውቅ ልጅ ናት። መልሱ፣ የመሣሪያው ክንድ ከላሟ ጋር አብሮ ለመንቀሳቀስ የተሠራ መሆኑና ጡቱን ካጣውም እንደገና መፈለጉ ነው።

ስለ ድሮን ማንሣት ግን አስቸጋሪ ነበር። ስሙን በፍርሃት ብቻ የሚያውቁ ልጆች ስላሉ፣ ቃሉ ሲጠራ ሁለቱ ቀና ብለው ወደ ሰማይ ተመለከቱ። በሩዋንዳ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ሰው አልባ በራሪዎች ደም ከመጋዘን ወደ ሆስፒታል ሲያደርሱ መቆየታቸውን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙ። ያመኑን አይመስለንም። አንፈርድባቸውም።

በአገራችንም ሥራው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ የተባለ ድርጅት፣ በሆንግ ኮንግ ለተሠራችው ሶፊያ ለተባለች ሮቦት ከሶፍትዌሯ ከፊሉን በማዘጋጀት ተሳትፏል። ሶፊያ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏን ክፍል የያዘው ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ፣ ሊደረግ የታሰበው ጋዜጣዊ መግለጫ ቀርቷል። ሻንጣ ቢጠፋባት ምን እንደምታደርግ ማንም ሳያስተምራት ነው የመጣችው። በዚሁ ድርጅት ሕፃናትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በማስተማር የታወቀችው ቤተልሔም ደሴ ደግሞ ሥራውን የጀመረችው በሐረር፣ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እንግዲህ የአራዳ ጠጋኝ ሱቅ ጓሮም የሚናቅ አይደለም።

ልጆችን ከሮቦት ጋር የማስተዋወቁን ዘዴ ቀድመው ካሳዩት አንዱ የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ሲሞር ፓፐርት ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሎጎ የተባለ ለልጆች የሚሆን የኮምፒዩተር ቋንቋ ካወጡ በኋላ፣ ኤሊ የሚሏትን ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት ሠሩ። ልጁ «ወደ ፊት 50፣ ወደ ቀኝ 90» ብሎ ሲያዛት በብዕሯ መስመር እየሰመረች ትሄዳለች፤ ይህን አራት ጊዜ ሲደግመው እኩል ጎን ያለው ማሳ ይወጣል።

እኛ ኤሊ ስላልነበረን አንዱን ልጅ ዐይኑን በነጠላ አስረን ሮቦት አደረግነው። ሌሎቹ ትእዛዝ በወረቀት ይጽፋሉ፣ አንዱ ያነባል፣ የታሰረው ይፈጽማል። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ «ሂድ» ብቻ ብላ ጻፈች፤ ልጁም ሄዶ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። በሬ ቢሆን ድንበሩ ላይ ሲደርስ ገበሬው ሳይነግረው መዞር ይጀምራል። መሣሪያ ግን የት እንደሚቆም ካልተነገረው አያውቅም። ሁለተኛዋ «ስምንት እርምጃ ሂድ፣ ቁም፣ ወደ ቀኝ ዙር» ብላ ጻፈች። እንደ አቅራቢው አስተያየት የዚያን ዕለት ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አልወጣበትም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች፣ ዛሬም ቀበሌ ተብሎ ማኅበሩን የምትመሩ ሁሉ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በአካባቢያችሁ ለመጀመር የሚያስፈልገው መብራትና ኮምፒዩተር ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ለመነሻው የሚበቃው ቁልፍ ያለው ክፍል፣ የማይሠራ ቴፕና ሬዲዮ፣ ፈቃደኛ መምህር ነው። የባትሪ ድንጋይ ሁለቱ ተቀጣጥለው ሦስት ቮልት ስለሆኑ ልጅ አይነዝሩም። የሞባይል ባትሪ ግን ልጆች እንዲፈቱ ከቶ አይፈቀድ፤ ከተበሳ በእሳት ይያያዛል። ከግድግዳ መብራት ጋር የተያያዘ ዕቃም እንዲሁ አይነካ። ከባዱ ጉዳይ ጊዜው ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ በመኸር አጨዳ ነው፤ ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች። የሁለት ሰዓት ጊዜ ለልጆቹ የሚገኘው በስብሰባ ላይ መሪው ከራሱ ቤት ልጅ ሲጀምር ነው። ከዚያ በላይ ዕቃና ሥልጠና ለሚሻ፣ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላት ስለተቋቋሙ፣ ለሰሜን ጎንደር ደጋ አንዱ የሚጠየቅ በር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ወደ ጓሮው እንመለስና፣ ልጆቹ ለጋሪዋ ያሏትን ዐይን ለማሳየት ሁለት ሚስማር በጎመን መደብ ላይ ተክለን ከአንድ ትራንዚስተርና ከአንዲት ትንሽ መብራት ጋር አገናኘናቸው። መሬቱ እርጥብ ሲሆን መብራቷ ትበራለች፣ ሲደርቅ ትጠፋለች። አሠራሩ ተገልብጦ፣ በመብራቷ ፋንታ መሬቱ ሲደርቅ የውኃ መሳቢያ የሚያስነሣ ቢደረግበት፣ አትክልቱ ሲጠማ ራሱ የሚያጠጣ ሮቦት ይሆናል።

በዚህ መካከል የልጁ አጎት እህል ወፍጮ ቤት እንዲያደርስ ሊጠሩት መጡ። ቀደም ሲል የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው ናቸው። ልጁ፣ «አያ፣ አንዴ ይቆዩኝ» ብሎ በቅል ውኃ አፈሰሰበት፤ መብራቷ በራች። አጎትየው በከዘራቸው ተደግፈው ጥቂት አዩና፣

«ዝናብ ሲመጣባትስ?» አሉ።

ሽቦዎቹ ከረጠቡ እንደምትበላሽ ነገርናቸው። ምንም ሳይሉ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የወጣ ላስቲክ ይዘው ነበር፤ ቁጢጥ ብለው ትራንዚስተሩን ጠቀለሉት፣ በልጥም አሰሩት። እህሉን ወፍጮ ቤት ያደረሱት ራሳቸው ናቸው።