ለባለሙያ የሚላክ ጥያቄ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይሁን እንጂ ሐኪም ፊት ቀርቦ ሕመሙን አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ሰው፣ የታመመው ሞተሩ በሆነ ጊዜ ለመካኒኩ ከሚናገረው ይልቅ የሚሸሽገው ይበዛል። ይህ ልማድ በገንዘብም በጊዜም የሚያስከፍለው ቀላል ስላይደለ ጥቂት ሊነገርበት ይገባል።

የእሸት ቡና መፈልፈያ ያለውን ነጋዴ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቀይ እሸት ተለቅሞ በመጣበት ቀን ካልተፈለፈለ፣ በክምሩ ውስጥ ሙቀት ይፈጠርና መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃውም ይወርዳል። በለቀማው ወራት፣ ገበሬው እሸቱን አስረክቦ በሄደበት ምሽት የጀኔሬተሩ ሞተር ቢቆም፣ ባለንብረቱ የሚይዝ የሚጨብጠውን ያጣል። በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ላለው መካኒክ፣ ወይም ሞተሩን ለሸጠለት የውጭ አገር ኩባንያ ኢንጂነር የሚልከው መልእክት ብዙውን ጊዜ «ሞተሩ እንቢ ብሏል፤ ፖምፓው ሳይሆን አይቀርም፤ አስቸኳይ ነው» የሚል ነው።

ከዚህ መልእክት ውስጥ የተረጋገጠው አስቸኳይ መሆኑ ብቻ ነው። እንቢ ማለቱ ጭራሽ አለመነሣቱ ነው፣ ወይስ ተነሥቶ ጭነት ሲያገኝ መጥፋቱ? ፖምፓው መሆኑንስ ማን አየ? ጠያቂው ያየውን ትቶ የገመተውን ስለ ጻፈ፣ ባለሙያውም ሳይወድ በግምት ላይ ግምት ይጨምራል። ፖምፓ ይታዘዛል፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል ተጉዞ ሲገጠም፣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጭሱ ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር ከዚህ ሁሉ ወጪ ልታድን ትችል ነበር። ጥቁር ጭስ የናፍጣው ልክ ከአየሩ መብለጡን ያመለክታል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ወይም ጭነቱ ከሞተሩ ዐቅም አልፎ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት አብሮ እየነደደ መሆኑን ይናገራል፤ ያን ጊዜ መካኒኩ ስለ ፋሻው ያስባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ውሃ ምልክት ነው፤ የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ባለንብረቱ ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ቀለሙን አይቶ ያየውን መጻፍ ግን ይችላል።

በሞተሩ ጎን የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳም አትረሳ። ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚጽፍ ደግሞ የሥፍራውን ከፍታ ይጨምር፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ በግምት ከመቶ 1 እጅ ያጣልና። በ1,900 ሜትር ላይ የተተከለ ሞተር ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣ ነው ማለት ነው። ይህን ያልተነገረው ኢንጂነር የሌለ በሽታ ሲፈልግ ይውላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የራስን እጅ ሥራ መናገር ነው። ዘበኛው ፖምፓውን ፈትቶ መልሶ ገጥሞት ይሆናል፤ ወይም ከበርሜል ግርጌ የተቀዳ ውሃ ያዘለ ናፍጣ ተጨምሮ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን የሚደብቀው አፍሮ፣ አለዚያም ዋስትናው እንዳይቀርበት ሠግቶ ነው። (ሁለተኛው ማታለል መሆኑን መሸፋፈን አያሻም።) የተፈታ ብሎን ግን ምልክት አለው፤ መካኒኩም ሲደርስ ያየዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ደንበኛ የሚናገረውን እውነት እንኳ በጥርጣሬ ይሰማዋል። አንዱን ጥያቄ ለሦስት መካኒኮች በየግል ልኮ ሦስቱንም ሌሊት ማስደከም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለሌላም መላኩን መጻፍ ምን ይጎዳል?

ችግርን አለዝቦ መናገርም አደጋ አለው። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990) የኮሎምቢያው የአቪያንካ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 52 ኒውዮርክ ለማረፍ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። አብራሪዎቹ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑንም ተናገሩ፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪዎቹን ሌላውን ሥራ የሚያስጥለውን የአደጋ ጊዜ ቃል በሬዲዮ አላሰሙም። አውሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎችም 73ቱ ሞቱ።

በንግድ ቤቶቻችን የሚታየው ስሕተት በአንጻሩ ነው፤ ለጠፋ ብሎንም ለቆመ መፈልፈያም «እጅግ አስቸኳይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቃሉም ክብደቱን ያጣል። በፈንታው በመጋዘን ያለው እሸት ስንት ኪሎ እንደ ሆነና መቼ እንደ ተለቀመ ቢጻፍ፣ መካኒኩ መኪናውን በሌሊት ማስነሣት እንዳለበት ራሱ ይፈርዳል።

ብዙዎች ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዝም ይላሉ። ምክሩ ይሥራ አይሥራ ያልሰማ መካኒክ፣ በማግሥቱ ከዲላ ወይም ከይርጋዓለም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣለት ያው ከግምት ይጀምራል። ስለዚህ በሽታው ምን ሆኖ እንደ ተገኘ በሁለት መስመር ይጻፍለት፤ የምክሩም ዋጋ፣ በስልክ የተሰጠ ቢሆን እንኳ፣ ተጠይቆ ይከፈለው።