የደርሶ መልስ ጉዞ አበልና የመቀጠር ገቢ ግብር፦ የአንድ አራተኛው ገደብ በማን ላይ ይከብዳል?

በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ የሠራተኛ ጉዞ በሁለት ተለይቶ ይታያል። አንደኛው ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ የቀጣሪውን ጉዳይ ለማስፈጸም የሚያደርገው ጉዞ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመኖሪያ ቤቱ ወደ ሥራ ቦታው የሚመላለስበት የዘወትር ጉዞ ነው። የመጀመሪያው በባሕርዩ የቀጣሪው ወጪ በመሆኑ፣ ሠራተኛው ከኪሱ ያወጣው ሲተካለት ገቢ አገኘ አያሰኝም። ሁለተኛው ግን አከራካሪ ነው። ሠራተኛው የመኖሪያ ሰፈሩን የሚመርጠው ራሱ ቢሆንም፣ ሳይጓዝ ደመወዝ ሊያገኝ አይችልም።

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሁለት ድንጋጌዎችን አንድ ላይ በማንበብ የሚገኝ ነው። በአንድ በኩል፣ ተቀጣሪ ደመወዙን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ ከገቢው ላይ መቀነስ አይፈቀድለትም። በሌላ በኩል፣ አንቀጽ 65 ከግብር ነፃ ካደረጋቸው ገቢዎች መካከል በሥራ ውል መሠረት የሚከፈል የትራንስፖርት አበል ይገኛል። ስለዚህ የታክሲና የአውቶቡስ ወጪ በግብር ስሌት ቦታ የሚያገኘው ቀጣሪው በአበል መልክ ሲከፍለው ብቻ ነው። አበል የሌለው ሠራተኛ ያንኑ ወጪ እያወጣ በሙሉ ደመወዙ ላይ ግብር ይከፍላል።

ነፃ መብቱም ገደብ አለው። በአፈጻጸም መመሪያው መሠረት ለደርሶ መልስ ጉዞ የሚከፈል አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው ከደመወዙ አንድ አራተኛ ሳይበልጥ፣ በብር ከተወሰነ ጣሪያም ሳያልፍ ነው። ትርፉ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። ጣሪያው ለምሳሌ 2,200 ብር ነው ቢባል፣ ሁለቱ ገደቦች የሚገናኙት በ8,800 ብር ደመወዝ ላይ ነው። ከዚያ በታች አንድ አራተኛው፣ ከዚያ በላይ የብር ጣሪያው ይሠራል።

ውጤቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከአንድ ሰፈር ተነሥተው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በወር 2,200 ብር የትራንስፖርት አበል ያገኛሉ እንበል። የአንደኛዋ ደመወዝ 8,800 ብር በመሆኑ አበሏ በሙሉ ከግብር ነፃ ነው። የሁለተኛው ደመወዝ 4,000 ብር ስለሆነ ነፃ የሚሆንለት 1,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 1,200 ብር 20 በመቶ በሚከፈልበት እርከን ላይ ስለሚያርፍ 240 ብር ይቆረጥበታል። የተጓዙት መንገድና የከፈሉት ሒሳብ እኩል ሆኖ ሳለ፣ በአበሉ ላይ ግብር የሚከፍለው ዝቅተኛው ደመወዝተኛ ነው።

ለገደቡ በቂ ምክንያት አለ። ገደብ ባይኖር ኖሮ ቀጣሪና ሠራተኛ ተስማምተው የደመወዙን ከፊል አበል ብለው በመሰየም ግብሩን ሊያሸሹ ይችሉ ነበር። በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ብቻ ይተካ እንዳይባልም፣ የከተማ ሚኒባስ ታክሲ ደረሰኝ አይሰጥም። በመሆኑም ቁርጥ ያለ መጠን መወሰኑ አስተዳደሩን ያቀላል። ችግሩ ያለው ገደቡን በደመወዝ ክፍልፋይ መለካቱ ላይ ነው። የጉዞ ዋጋ በርቀት እንጂ በደመወዝ አይወሰንም። ደመወዙን አበል ብሎ በመሰየም ብዙ የሚያተርፈውም በከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ያለው እንጂ ዝቅተኛው ተከፋይ አይደለም።

ስለዚህ የአንድ አራተኛው ገደብ መነሻ ወለል ቢበጅለት ሁለቱም ዓላማዎች ሊታረቁ ይችላሉ። የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የወር ጉዞ የሚጠይቀውን ያህል ገንዘብ፣ ደመወዙ ምንም ያህል ይሁን፣ ነፃ ማድረግና ክፍልፋዩን ከዚያ በላይ ባለው አበል ላይ ብቻ መተግበር ይቻላል። በብር የተጻፈ መጠን ግን የታሪፍ ጭማሪን በራሱ አይከተልም። ወለሉም ሆነ ጣሪያው በየጊዜው ካልተከለሰ፣ የጉዞ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ነፃ መብቱ እየጠበበ ይሄዳል።