ኦንላይን ኮርሱና የሃይላንድ ጠርሙሱ



ኦንላይን ኮርስ ጀምሮ ያላቋረጠ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አናወጣም። ባለፈው ክረምት ከጀመዓችን ሰባት ልጆች ለእረፍት ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ስንሄድ በአንድ ነፃ የአካባቢ ሳይንስ ኮርስ ተመዝግበን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ቪዲዮ ሁላችንም አየን። በሁለተኛው ሳምንት ቪዲዮውን የከፈትነው አራት ብቻ ነበርን። በሦስተኛው ሳምንት አንዳችን ጥያቄውን እንሠራና መልሱን በቴሌግራም እንልካለን፣ የቀረነው እንገለብጣለን። ትምህርቱ እዚያ ላይ አብቅቷል ማለት ይቻላል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ለዓለም የከፈቷቸውን ኮርሶች የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ2017/18 ከተመዘገቡት ተማሪዎች ኮርሱን የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። መብራት የማይጠፋባቸውና ዋይፋይ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ የእኛን ሁሉ በጥቅልና በኔትወርክ ማሳበብ አይቻልም። እኛ የደረስንበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ቪዲዮው ማንንም አይጠብቅም። ብንቀር የሚጎድል ነገር የለም። መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነው፣ እኛ ብንሠራውም ባንሠራውም።

ያዳነን የኮርሱ አንድ የምርጫ ሥራ ነበር፤ በአንድ የዜጎች ሳይንስ ፕሮጀክት ተሳተፉ ይላል። የዜጎች ሳይንስ ማለት ሙያው ሳይንስ ያልሆነ ሰው በተወሰነ ሥርዓት እያየ፣ እየለካና እየመዘገበ ለእውነተኛ ምርምር የሚያዋጣበት አሠራር ነው። ወፍ መቁጠር፣ ዕፅዋትን ፎቶ አንስቶ መላክ፣ የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት መለካት ሁሉ ይገባበታል። ከእህቶቻችን አንዷ «ክረምት ላይ ነን፣ ዝናብ እንለካ» አለች። ከዚህ በላይ የሚቀርብና ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አላገኘንም።

መለኪያው ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ መጥበብ ከሚጀምርበት በታች ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አንገት ተገልብጦ እንደ ማስገቢያ ይቀመጥበታል፤ ይህ ውኃው በፀሐይ እንዳይተን ያግዛል። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ቦታ ነፋስ እንዳይጥለው ታስሮ ይቆማል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውኃው ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ ተለክቶ ይደፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የጠርሙሳችን አፍ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ በካሬ 78.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 7.85 ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ውኃውን በይዘት ስለምንለካው የጠርሙሱ ሆድ ቅርጽ ለውጥ አያመጣም፣ አፉ ብቻ ነው የሚቆጠረው። በቀመር ደረጃ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሲሪንጅ ይዞ ጭቃ ላይ ቆሞ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ከተሞቻችን ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ወልቂጤና ቡታጅራ በካርታ ላይ ቅርብ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን የጉራጌ ተራሮች ከነዘቢዳር ቆመዋል። በወልቂጤ በኩል የወረደው ዝናብ በዋቤ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ እስከ ቱርካና ይሄዳል። በቡታጅራ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ በመቂ ወንዝ አካባቢ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያዘነብላል። በአንድ ዞን ስም ስንጠራቸው የኖርናቸው ከተሞች ውኃቸው ፈጽሞ አይገናኝም። በአንድ ቀን ወልቂጤ ላይ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ቡታጅራ ላይ የሞላበት ጊዜ ሲመጣ የተራራ ጥላ የሚለው የኮርሱ ምዕራፍ ተከፍቶ መነበብ ጀመረ። ማንም አላዘዘንም።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ፣ ዋናው ትምህርት እዚያ ስለሆነ። በነሐሴ ውስጥ አንድ ሰኞ ከቡታጅራ 31 ሚሊ ሜትር ተመዘገበ። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ቀናት 0፣ 0፣ 0 ነበሩ። ግሩፑ ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ የክረምቱ ትልቁ ዝናብ ተባለ። አንዷ እህት ግን ቺርፕስ ከተባለው የዝናብ መረጃ ጋር አስተያየችው። ይህ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ሳተላይትና የምድር ጣቢያዎችን ያጣመረ መረጃ ነው፤ አንዷ ካሬ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። እዚያ ላይ ዝናቡ በሦስቱም ቀናት ተከፋፍሎ ይታያል። ወንድማችንን ጠየቅነው። ለለቅሶ ገጠር ሄዶ ነበር። ሲመለስ የተጠራቀመውን ለክቶ በሰኞ አስገባው፣ ያልነበረባቸውን ቀናት ደግሞ ባዶ ከሚሆኑ ብሎ በዜሮ ሞላቸው።

ክፉ አስቦ አይደለም። እኛም ሠንጠረዡ ሞልቶ ስናየው ደስ ብሎን ነበር። ግን ዜሮ ማለት «አየሁ፣ ዝናብ የለም» ማለት ነው። ባዶ ማለት «አላየሁም» ማለት ነው። በመድረሳ ለቀራን ሰው ይህ አዲስ ሊሆን አይገባም፤ ያላየነውን አየን ማለት የሐሰት ምስክርነት ነው። ኡስታዞቻችን ሐዲስ ሲያስተምሩን ከቃሉ በፊት ማን ከማን ሰማ፣ ተገናኝተዋል ወይ፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው ይሉ ነበር። የመረጃ ሰዎች ስለ መረጃው የተመዘገበ መረጃ የሚሉትን፣ ማለትም ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ለካ የሚለውን ስናይ ትዝ ያለን ኢስናድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠንጠረዡ ላይ የለኪው ስም፣ ሰዓትና አስተያየት የሚጻፍበት ዓምድ ጨመርን።

ለካስ ሌሎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ድንገተኛ ጎርፍ ሰው ገደለ። በከተማይቱ አንድ ጫፍ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሌላው ጫፍ ያገኘው ያን ያህል አልነበረም፤ የነበሩት ጥቂት መለኪያዎችም ልዩነቱን አላሳዩም። በዓመቱ ኮኮራስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች የዝናብ መለኪያ መረብ ተመሠረተ። ይህ መረብ አባላቱን ዘወትር ከሚለምናቸው ነገር አንዱ ዝናብ ባልዘነበ ቀንም ዜሮ እንዲልኩ ነው። ለጥቂት ቀናት ሳይለካ ለቀረ ሰው ደግሞ የብዙ ቀን ድምር የሚሞላበት ለብቻው ቅጽ አለው። ወንድማችን ያስፈለገው ያ ነበር።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። በአማራ ክልል ዳንግላ ወረዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት ይለኩ ነበር። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መረጃውን ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ጋር አነጻጽረው በ2016 በጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ አወጡት። የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛው የማያንስ፣ ከሳተላይቱ ደግሞ ለአካባቢው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያነበብነው ኮርሱ ስላዘዘን ሳይሆን የእኛ ጠርሙስ ይታመናል ወይ ብለን ስለተጨነቅን ነው። የአንድ ኮርስ ሥራ ተማሪውን እዚህ ጭንቀት ላይ ማድረስ ይመስለናል።

ቡታጅራም የራሷ ታሪክ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ይዞ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ይህ ሥራው ነው ተብሎ በተመደበ ሰው የሚሠራ ስለሆነ የዜጎች ሳይንስ አንለውም። ቢሆንም ብዙ የዶክትሬት ጥናት የቆመው በሰፈር ልጆች ምዝገባ ላይ መሆኑን የቡታጅራ ልጆች ራሳቸው አያውቁም ነበር።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ጨረቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በዮርዳኖስ የሥነ ፈለክ ማኅበርና በዓረብ የሥነ ፈለክና ጠፈር ሳይንስ ኅብረት የተጀመረ የሂላል ምልከታ ፕሮጀክት አለ። በየወሩ መጀመሪያ ከልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ሂላል ማየታቸውን ወይም አለማየታቸውን፣ በዓይን ይሁን በቴሌስኮፕ፣ ሰማዩ ደመና ይሁን ጥርት ያለ ጽፈው ይልካሉ። የፕሮጀክቱ መሪ ሙሐመድ ዑዳ አዲስ ጨረቃ መቼ ሊታይ እንደሚችል የሚተነብይ መስፈርት ሲያወጣ የተጠቀመው 737 ምልከታዎችን ነው፤ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው። «አላየሁም» ያሉት ምልከታዎች ባይኖሩ መስመሩን ማስመር አይቻልም ነበር። (ጾም መቼ ይገባል የሚለው የዑለሞች ጉዳይ ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ምልከታው ነው።)

ኮርሱንና ፕሮጀክቱን እንዴት አገናኘናቸው ለሚል፦ በሳምንት አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ በቴሌግራም ሐለቃ እንቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የሳምንቱን ልኬት እናያለን፣ ከልኬቱ ጥያቄ ይወጣል፣ ከዚያ ቪዲዮውን ለዚያ ጥያቄ ብለን እንከፍታለን። አማካይና የመረጃ ስርጭት የሚባለውን ምዕራፍ በራሳችን ቁጥሮች ሠራነው። የሌላውን መልስ መገልበጥ አልተቻለም፤ የወልቂጤ ጠርሙስ ለቡታጅራ መልስ አይሆንም። ጥቅልም ቆጠበልን፣ አንድ ቁጥር መላክ ምንም አይበላም። በነገራችን ላይ ምንም ቀን ሳይጎድል የለኩት ሁለቱም እህቶች ናቸው።

ድክመትም ነበረው። ኮኮራስ የእኛን አገር አይሸፍንም፣ ስለዚህ ሥርዓቱን ወስደን ቁጥሩን ለራሳችን ነው ያስቀረነው። ማንም የማይጠብቀው ቁጥር በመስከረም ላይ ያሰለቻል፤ ከሰባታችን ሁለቱ አቁመዋል። ኮርሱንም እስከ መጨረሻው የጨረስነው አምስት ነን። ዘንድሮ መረጃችንን የሚቀበል ፕሮጀክት መጨመር የፈለግነው ለዚህ ነው። አይናቹራሊስት ለዕፅዋትና ለነፍሳት፣ ኢበርድ ለወፎች ከየትኛውም አገር ይቀበላሉ፤ ሁለቱም ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በኋላ ዋይፋይ ሲገኝ መላክ ያስችላሉ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ ትንኝ ይዘዋል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ወራሪ የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ከታየች ወዲህ በከተማ የምትራባ የወባ ትንኝ ጉዳይ የእኛም ሆኗል፤ ክዳን የሌለው ሮቶና የተረሳ ባልዲ ትወዳለች። በዶርማችን ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ዕቃ መቁጠር የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ከአሁኑ በካላንደር ላይ ይሰመርበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሠራ እኛ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የተቀመጥን ተማሪዎች ነበርን፤ የፊዚክስ ማስታወሻ በስልክ ይላክልን ነበር፣ ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን ግን ማንም ለኩ አላለንም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ከቀትር በኋላ የጨረቃ ጥላ በሉክሶርና በመካ ላይ ያልፋል፤ መካ ላይ ሙሉ ጨለማው አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። እኛ ጋ ከፊል ግርዶሽ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ግርዶሽ ጊዜ ግሎብ በተባለው ፕሮግራም በኩል ብዙ ሰዎች የአየር ሙቀት ለክተው ልከዋል፤ የምንከተለው ያንን ነው። ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ይሰቀላል፣ በየአሥር ደቂቃው ይነበባል፣ የደመናው ሁኔታ አብሮ ይጻፋል። ፀሐይን ለግርዶሽ በተሠራ መነጽር እንጂ በተራ የፀሐይ መነጽር ማየት ዓይን ያጠፋል። ክረምት ስለሆነ ሰማዩ ሊዘጋ ይችላል፤ ቢዘጋም ሙቀቱ ይለካል። ከሶላተል ኩሱፍ ጋር እንዳይጋጭ ለኪዎቹ በፈረቃ ይሆናሉ። ከወልቂጤ ሦስት፣ ከቡታጅራ ሁለት ሰው ተመዝግቧል፤ ከእነሞርና ከሶዶ በኩል ገና ማንም የለንም።