በሽታውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት



ካንሰር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ በሽታው የተነሣበትን የሰውነት ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ የተበላሸው የዘር ቅንጣት (ጂን) የትኛው እንደ ሆነ መርምረው መድኃኒት የሚመርጡበት ጊዜ አለ።

ምሳሌ የሚሆነን ሲ.ኤም.ኤል. የሚባለው የደም ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች በታማሚዎች ሴሎች ውስጥ ከልክ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። ኋላም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ እንደሚለዋወጡ ታወቀ። ከዚህ የሚመነጨው ፕሮቲን ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እንዲበዙ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ይህንኑ ፕሮቲን ይገታል። ቀድሞ አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ግን መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስዱት ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

ሆኖም ክኒኑ በየቀኑ መዋጥ አለበት። ያበጠው ጣፊያ ሲጎድልና ጉልበት ሲመለስ፣ አንዳንዱ "ተጸልዮልኝ ድኛለሁ" ብሎ ሊያቋርጥ ይችላል። ደህና መስሎ መታየት ግን በሽታው ከደም ውስጥ መጥፋቱን አያሳይም፤ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። መቆም ያለበት ሐኪሙ በደም ምርመራ አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ማቅለሽለሽ ወይም የዓይን ዙሪያ ማበጥ ቢያስቸግርም ለሐኪም መንገር እንጂ መተው አይገባም።

እንግዲህ እንጸልይላቸው፤ ክኒኑን ግን አናስጥላቸው። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ታማሚው ከቀጠሮው እንዳይቀር የመሳፈሪያ ገንዘብ ብናዋጣለት፣ ይህም የወንጌል አገልግሎት ነው።