እርሻን በጠጠር መሞከር

ገበጣ የማያውቅ ማን አለ? ተጫዋቹ ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ በልቡ ያሰላል። ቢሳሳትም ግድ የለም፤ ጠጠሩን ሰብስቦ እንደገና ይጀምራል። ማሳ ላይ ግን እንዲህ የለም። ጎርፍ ጠርጎ የወሰደው አፈር በሰው ዕድሜ አይመለስም። ታዲያ ስሕተቱን አስቀድሞ በጠጠር መሥራት አይሻልም?

ይህ ቀልድ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ወረዳ፣ የዓባይን ተፋሰስ ውሃ አያያዝ ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውተዋል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውሃው በብይ ይመሰላል። ላይኛው የሚሻውን ያነሣል፤ ለታችኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

እኛም ለየካና ለእንጦጦ ግርጌ ሰዎች እንዲስማማ አድርገን እናቀርበዋለን። የቀበና ወንዝ የሚወርደው ከእንጦጦ ነው። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ሲሆን ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷል፤ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶችም እንጀራ ነው። ስለዚህ ዝም ብለን አንረግመውም። ነገር ግን ቅጠሉ ሁሉ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝናቡ አይሰርግም፤ ይሮጣል።

እስቲ ሦስት ሰዎች ይቀመጡ። አንዱ ከላይ ባለ ዛፍ፣ ሁለተኛው ተዳፋት ላይ ባለ ገብስ፣ ሦስተኛው ወንዝ ዳር ባለ ጎመን ይሁን። ለእያንዳንዱ 5 ቆርኪ ይታደል፤ ይህ ጉልበትና ገንዘብ ነው። ለገብሱና ለጎመኑ ማሳ ደግሞ 4፣ 4 ጠጠር ይሰጥ፤ ይህ አፈር ነው። 12 ባቄላ የአንድ ክረምት ዝናብ ነው። ላይ እርከን ከሌለ ባቄላው ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ሁለቱ ማሳዎች 2፣ 2 ብቻ ይይዛሉ። የቀረው ጎርፍ ነው፤ ከየማሳው አንድ ጠጠር ይዞ ይሄዳል። እርከን ካለ ግን 6ቱ ሰርገው ይቆዩና በበጋ ለታችኞቹ 3፣ 3 ይደርሳሉ፤ አፈርም አይሄድም። እርከኑ 3 ቆርኪ ያስወጣል። ጠጠሩ ያለቀበት ማሳ ከጨዋታ ይወጣል።

ጨዋታው የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ባለ ዛፉ «የሚሄደው የናንተ አፈር፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። ባለ ጎመኑ ደግሞ «ገንዘቤን ለሰው ተራራ?» ብሎ ይቆጣል። ማን ስንት ያዋጣ? ሕጉ አይወስንም፤ እነሱ ይከራከሩበት። በሦስተኛው ክረምት አንድ ጠጠር ሲቀር ነገሩ ይለወጣል።

ብዙ ለሰበሰበ ሽልማት ይሰጥ የሚሉ አሉ። እኛ አንወደውም፤ ሽልማት ያየ ሰው ውሃውን አያይም። ይልቅ አራት ክረምት ሲያልቅ ቦታ ይለዋወጡ፤ ላይ የነበረው ወንዝ ዳር ይውረድ።