በቦርሳ ለሚዞር ሜካኒካል ኪቦርድ ከስዊቹ በፊት መታየት ያለበት

ሜካኒካል ኪቦርድ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው የስዊቹ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው መጫኛ፣ ዕድሜ ነው። የጀርመኑ ቼሪ ለኤምኤክስ ስዊቾቹ 50 ሚሊዮን፣ ለአንዳንዶቹም 100 ሚሊዮን ጊዜ የመጫን ዕድሜ ይሰጣቸዋል። ከቁልፎቹ ሥር ጎማ ላለው ተራ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቀን 30,000 ጊዜ ቁልፍ የሚጫን ጸሐፊ አለ እንበል። አንዷ ቁልፍ ብቻዋን አንድ አሥረኛውን ብትሸከም በቀን 3,000 ጊዜ ተጫነች ማለት ነው፤ በዚህ ስሌት 5 ሚሊዮኑ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲያልቅ 50 ሚሊዮኑ ከ45 ዓመት በላይ ይወስዳል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ጫናው ይብሳል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆና ሳለ በላቲን ቁልፎች በድምፅ ስትጻፍ አምስት ጊዜ መጫን ትፈልጋለች፤ አናባቢዎቹ ከሌሎቹ ቁልፎች ይልቅ ይደበደባሉ። እንዲያም ሆኖ ጥሩ ስዊች ይህን ሁሉ ይችለዋል። ታዲያ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ካፌ የሚመላለስ ኪቦርድ ለምን ቶሎ ይበላሻል? የሚጎዳው ሲጻፍበት ሳይሆን ሲጓጓዝ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለተንቀሳቃሽ ኪቦርድ ጥንካሬ ማለት አንድ አካሉ ሲበላሽ ያን አካል ብቻ ቀይሮ መቀጠል መቻል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ኬብሉ ከኪቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ኬብሉ ከሰውነቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ኪቦርድ ቦርሳ ውስጥ በየቀኑ እዚያው መውጫው ላይ ይታጠፋል፤ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲበጠስ ስዊቾቹ ሁሉ ደህና ሆነው ኪቦርዱ ዝም ይላል። ስለዚህ ኬብሉ የሚነቀል፣ ቀዳዳውም ታይፕ ሲ ይሁን። ታይፕ ሲ 10,000 ጊዜ ለመሰካትና ለመነቀል የታቀደ ነው፤ ቶሎ የሚያልቁት ትንንሽ ሞላዎችም ያሉት በኬብሉ ጫፍ ላይ ነው። ያለቀውን ኬብል ጥሎ ሌላ መግዛት ደግሞ የትም ይቻላል። አደጋው ያለው ኬብሉ እንደተሰካ ኪቦርዱ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ወደ ጎን የሚመጣው ግፊት ቀዳዳውን ከብየዳው ያላቅቀዋል። አንዳንድ አምራቾች ይህን አስበው ቀዳዳውን ለብቻው በትንሽ ቦርድ ላይ ይሠሩታል፤ ቢነቀል ትንሿ ቦርድ ብቻ ትቀየራለች። በእኔ ሚዛን ይህ ከየትኛውም የመብራት ጌጥ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ቀጥሎ አቧራ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በላፕቶፖቹ ላይ የገጠመው «ቢራቢሮ» የተባለ ስስ ኪቦርድ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥቂት ብናኝ ሲገባው ቁልፉ ይደርቅ ወይም ፊደል ይደግም ነበር። አንዷን ቁልፍ ለማዳን ብዙ ጊዜ የላፕቶፑ የላይኛው አካል ከነባትሪው ይቀየር ነበር። ኩባንያው በ2018 ነፃ ጥገና አወጀ፤ በ2019 መጨረሻ ንድፉን መተው ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ ደንበኞች የመሠረቱበትን ክስ ለመዝጋት 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሜካኒካል ስዊችም አቧራ አይነካውም ማለቴ አይደለም። ግን ተነቃይ ስዊች ባለው ኪቦርድ ላይ የታመመችው ቁልፍ በመንቀያ ወጥታ ሌላ ትገባለች፣ ብየዳም አያስፈልግም። ስዊቹ የተበየደ ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥም፤ መብራቱን ካልቆጠርን ስዊቹ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በሁለት ፒን ብቻ ስለሆነ ስልክ የሚጠግን ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል። ተነቃዩን ሲያስገቡ ግን ፒኖቹ ቀጥ ማለታቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ የታጠፈ ፒን በጉልበት ሲገፋ ከታች ያለውን ሶኬት ሊገነጥለው ይችላል።

«ለመያዝ የሚመቸው ስሱ ነው» የሚል ሰው እውነት አለው፤ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ነገር ግን አንዳንድ ስስ ስዊቾች፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው የካይል ቾክ፣ የራሳቸው የሆነ የእግር ቅርጽ ስላላቸው የተለመደው ባለ መስቀል ካፕ (የቁልፉ ክዳን) አይገጥማቸውም፤ አንዲት ካፕ ብትሰበር ምትኳን ማግኘት ያስቸግራል። ስስ የሚፈልግ ባለ መስቀሉን ይምረጥ። ብሉቱዝም ያው ነው። ጠቃሚ ነው፣ ግን የሊቲየም ባትሪ በዓመታት ውስጥ መድከሙ አይቀርም። ስለዚህ ባትሪው ሞቶም በኬብል የሚሠራ፣ ባትሪውም በሶኬት የተያያዘ እንጂ ያልተበየደ ቢሆን ይመረጣል። የአሉሚኒየም አካል ያምራል፣ ይከብዳልም፤ ለሚዞር ሰው ወፈር ያለ ፕላስቲክ ይበቃዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የዋጋ ነው፦ በአንዱ ሜካኒካል ዋጋ በርካታ የጎማ ኪቦርዶች ይገዛሉ፣ ሲበላሽ ሌላ መግዛት አይሻልም ወይ? አልፎ አልፎ ለሚጽፍ ሰው ይሻላል፤ ይህን ሳላቅማማ እቀበላለሁ። በጽሑፍ ለሚያድር ግን ኪቦርዱ የሚሞትበት ቀን ሥራው የሚቆምበት ቀን ነው። ሊጠገን የሚችለው ደግሞ አንዲት ቁልፍ ታማበትም ቀሪውን ሥራ ያሠራል።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ ሻጩን ፈቃድ ጠይቁና አንዲት ካፕ አንሡ፤ ከሥሯ የመስቀል ቅርጽ መኖሩን እዩ። አንድ ስዊች በመንቀያ አውጥታችሁ መልሱ። ኬብሉን ሰክታችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቀዳዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ ስዊቹ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይጫናል ቢሏችሁም አትግዙት።